ለየሺ የላክሁት ጥቁር እንጉዳይ

ከቤት የወጣሁት ጀምበር ሳትጠልቅ ነው። አውሮፕላኑ የሚነሣው ሌሊት ቢሆንም ጊዜው የሰዓት እላፊ ጊዜ ነበርና መንገደኛ ገና በብርሃን ኤርፖርት ገብቶ አግዳሚ ላይ ተቀምጦ መጠበቅ ነበረበት። ስለዚህ እንደ ሌላው ስደተኛ በጨለማ ተደብቄ ወጣሁ ብዬ አላወራላችሁም። መካኒሳ፣ ከአቦ ቤተ ክርስቲያን ቁልቁል፣ ወንዙ ዳር ካለችው ቤታችን የወጣሁት ሁሉን ነገር ጥርት አድርጌ እያየሁ ነው፤ የጎመኑን መደብ፣ ባሕር ዛፉ ሥር በክረምቱ እርጥበት የፈላውን የጅብ ጥላ፣ በሩን ተደግፋ የቆመችውን እህቴን። እስከ ዛሬ የሚያስፈራኝ ያ ብርሃን ነው። ጨለማ ቢሆን ኖሮ ፊቷ አመድ መምሰሉን ባላየሁ።

እህቴ የሺ በአሥራ አራት ዓመት ትበልጠኛለች። እናታችን ስትሞት ያሳደገችኝ እሷ ናት፤ ውኃ ከወንዙ እየጠለፈች ጎመንና ቆስጣ ታለማለች፣ ጎፋ ድረስ ተሸክማ እየዞረች ትሸጣለች። ፊደል አልቆጠረችም። እኔ ግን እንድቆጥር ስትል ያላደረገችው ነገር የለም።

ያን ዕለት ሻንጣዬን ከማንሣቴ በፊት እጄን ይዛ ግራ ጎኗ ላይ፣ ከጎድን አጥንቷ በታች አስቀመጠችው። ቀሚሷ ሥር ጠጣር ነገር አለ፤ ሰፊ፣ እንደ ወንዝ ድንጋይ ለስላሳ። ጣፊያዋ ነው። ሐኪሙ የደም ካንሰር ብሎናል፤ ቀስ ብሎ የሚሄደው ዓይነት ነው፣ መሄዱን ግን አይተውም፣ ብሎ ነበር። የሚሰጣት ክኒን አንዳንድ ወር ይገኛል፣ አንዳንድ ወር የለም።

"እወቂው" አለችኝ የሺ። "ስትመለሺ ወይ ቀንሶ ወይ ጨምሮ ታገኚዋለሽ።"

"መድኃኒቱን ተምሬ ነው የምመለሰው።"

"መጀመሪያ ካልሲሽን አድርጊ።"

እንዲህ ናት። ለማልቀስ ጊዜ አትሰጥም።

ሌኒንግራድ ላገኘሁት ነጻ ትምህርት የሚያስፈልገኝን የቀበሌ ወረቀት ለማግኘት ስንት ቀን እንደተመላለስኩ አልነግራችሁም፤ እናንተም ታውቁታላችሁ። ሊቀመንበሩ ግን የሚረሳ ሰው አይደለም።

"እህትሽ ሦስት ስብሰባ ቀርታለች" አለኝ።

"ታማ ነው፣ ጓድ።"

"ምን አገኛት?"

"የደም ካንሰር።"

ጻፈው። ብዕሩን አንሥቶ ትንሽ አሰበና "ተላላፊ ነው?" አለ።

"አይደለም።"

"ታዲያ ለምን አትሰበሰብም?"

ጎረቤታችን ጋሽ ማርቆስ ባይኖሩ ወረቀቱን አላገኝም ነበር። ከወላይታ የመጡ ሰው ናቸው፤ ወደ ጎፋ ሲሄዱ ባለ ፋብሪካ መዝገብ ያዥ ነበሩ። እሳቸውና ባለቤታቸው እትዬ ማርታ ጴንጤ ናቸው። የጸሎት ቤታቸው በመታሸጉ መዝሙሩን ቤታቸው ውስጥ አፋቸውን ገጥመው ነበር የሚዘምሩት፤ ዜማው ብቻ በግድግዳው በኩል እንደ ንብ ይሰማን ነበር። ለሰፈሩ ሁሉ ማመልከቻና ደብዳቤ የሚጽፉት እሳቸው ናቸው። ያን ዕለት ሻንጣዬን እትዬ ማርታ ይዛልኝ አውቶቡስ ድረስ ሸኙኝ።

"የሺ የምትለውን እጽፍልሻለሁ" አሉ ጋሽ ማርቆስ። "አንድ ቃል አልጨምርም፣ አንድ ቃል አልቀንስም። አንቺም በፋብሪካው ፖስታ ሣጥን በስሜ ላኪ።"

ሌኒንግራድ የገባሁት በመስከረም ነው። ለአገሩ ምግብ አፌ ቶሎ ተገራ፤ ጥቁሩ ዳቦ ይኮመጥጣልና ዓይኔን ጨፍኜ ሳኝከው እንጀራ ይመስለኝ ነበር፣ ግሬችካ የሚሉት ገንፎ ነገርም ቅቤ የተነፈገው ቅንጬ ነው። ያልለመድኩት ሰዉንና ሰማዩን ነው። በአንድ ሊፍት ውስጥ ትከሻ ለትከሻ ተጣብቀው እንደምን አደራችሁ የማይባባሉ ሰዎች አይቼ አላውቅም። በክረምት ፀሐይ ለምሳ ያህል ብቅ ብላ ትጠፋለች። በሰኔ ደግሞ ጠልቃም አይጨልምም። ስትተኙም ስትነቁም ያው ግራጫ ብርሃን ነው፤ ጥላ የለውም፤ ጎዳናው ባዶ ሆኖ ፍንትው ብሎ ይታያል፣ ሰው ሁሉ አንድ ነገር ሰምቶ ከተማውን ጥሎ የሄደ ይመስል። መጋረጃ ሰቅዬ እተኛለሁ፣ የሺ በሩን ተደግፋ ትታየኛለች።

ደብዳቤዋ በየወሩ ይመጣ ነበር። ጽሑፉ የጋሽ ማርቆስ ቢሆንም ድምፁ የእሷው ነው። "ከናፍቆትሽ በቀር ደህና ነኝ። ከስተሻል ብለው ነገሩኝ፣ ማን እንደነገረኝ አትጠይቂ። የላክሽው ፎቶ ላይ አንገትሽ ተገልጧል፣ ምን ማለትሽ ነው?" እያነበብኩ እስቃለሁ፣ ስቄ ስጨርስ አለቅሳለሁ።

በሦስተኛው ዓመት ለተግባር ልምምድ አንድ ላቦራቶሪ ተመደብኩ። ኃላፊዋ ሊዲያ ሰርጌየቭና ትባላለች፤ አጭር፣ ሽበታም፣ ሲጋራ ከጣቷ የማይለይ ሴት ናት። የምታጠናው ቻጋ የሚሉትን እንጉዳይ ነው። እናንተ ብታዩት እንጉዳይ አትሉትም። በርች በሚባለው ነጭ ዛፍ ግንድ ላይ እንደ ቁስል አብጦ ይወጣል፤ ውጪው ጥቁርና የተሰነጣጠቀ ነው፣ ከሰል ይመስላል፣ ሲፈለጥ ውስጡ የዝገት መልክ አለው። የገጠሩ ሰው ከድሮ ጀምሮ ለሆድ ዕቃ ሕመም እያፈላ ይጠጣዋል። ሊዲያ ሰርጌየቭና ከእሱ አንድ ንጥረ ነገር አውጥታ በደም ካንሰር ሕዋሳት ላይ ትሞክር ነበር።

"ሕዋሳቱ የማን ናቸው?" አልኳት የመጀመሪያ ቀን።

"የአንዲት ሴት። ከሞተች ብዙ ዓመት ሆኗታል።"

"እና እንዴት እስካሁን…"

"እነሱ አልሞቱማ" አለችኝ፣ ስለ አየር ጠባይ እንደምታወራ።

በሽታዋን ስትነግረኝ ያው የየሺ በሽታ ነው፤ ቀስ ብሎ የሚሄደው። የሴትዮዋ ሕዋሳት ልክ የሰው ገላ በሚያህል ሙቀት ሣጥን ውስጥ፣ በብልቃጥ፣ ሮዝ ቀለም ባለው ውኃ ላይ ተንሳፍፈው ይኖሩ ነበር። ሲርባቸው ውኃው ቢጫ ይሆናል። በየሁለት ቀኑ መመገብ አለባቸው፤ በዓል አያውቁም፣ እሑድ አያውቁም። ከበሉ ይበዛሉ፣ ከበዙ ለሁለት ብልቃጥ ይከፈላሉ። ስሟን የሚያውቅ ሰው አልነበረም። የጽዳት ሠራተኛዋ አሮጊት በሣጥኑ አጠገብ ስታልፍ ማንም ካላያት ታማትባለች። እኔም ቆይቶ ማማተብ ጀመርኩ። ነፍሷ ዐርፋ ይሆን እያልኩ አስባለሁ፤ ደሟ ገና እየበላ፣ ገና እየበዛ።

ሥራዬ መቁጠር ነበር። የእንጉዳዩን ንጥረ ነገር ብልቃጡ ውስጥ ጨምረን ሁለት ቀን እናቆየዋለን፤ ከዚያ ሰማያዊ ቀለም ጠብ አድርጌ በማይክሮስኮፕ አያለሁ። ሕያው ሕዋስ ቀለሙን አያስገባም፣ ብርሃን እንደያዘ ይቆያል። የሞተው ግን ሰማያዊ ይሆናል። መጀመሪያ ያየሁ ቀን ዓይኔን አላመንኩም። መድኃኒቱ ያልገባበት ብልቃጥ እንደ ኮከብ ያበራል፤ የገባበት ግን አብዛኛው ሰማያዊ ነው፣ የተረፉትም ተኮማትረው እንደ ዘቢብ ሆነዋል። ከእኔ ክንድ በተቀዳ ደም ላይ ስንሞክረው ጤነኞቹን ሕዋሳት ያን ያህል አልነካቸውም። ሁሉንም ሦስት ጊዜ ደግሜ ቆጠርኩ።

"ሊዲያ ሰርጌየቭና፣ እህቴ ይኸው በሽታ አለባት።"

ሲጋራዋን አጠፋች። "ብልቃጥ ሰው አይደለም፣ ጽጌ። ብልቃጥ ውስጥ ኮምጣጤም ይገድላቸዋል።"

"ሰው ግን ሲጠጣው ኖሯል። አይጎዳም።"

"አይጎዳም ማለት ያድናል ማለት አይደለም።"

እውነቷን ነበር፤ እኔም አውቀው ነበር። ቢሆንም በሳምንቱ ባቡር ጣቢያው በር ላይ ከሚሸጡ አሮጊቶች አንድ ከረጢት ቻጋ ገዝቼ አልጋዬ ሥር ከተትኩ። የማደሪያው ኮሜንዳንት፣ ማለት የሕንፃው ኃላፊ ሴትዮ፣ ለቁጥጥር ስትገባ አገኘችው።

"ክፍል ውስጥ ከሰል ክልክል ነው።"

"ከሰል አይደለም፣ ቻጋ ነው።"

አሸተተችው። "የኛ ቻጋ?"

"የእናንተው።"

"አፍሪካ ትልኪዋለሽ?"

"አዎ።"

"እዚያ ዛፍ የለም?"

"ዛፍ አለ፣ በርች የለም።"

አዝናልኝ ነው መሰለኝ ከረጢቱን መልሳ አልጋው ሥር ገፋችው። ኋላ ግን በጥቁር መዝገቧ ላይ ጻፈችው፤ "ክፍል ሁለት መቶ አራት፣ እንጉዳይ፣ ተፈቅዷል።" ፖስታ ቤት ያለው ሰውዬም ሻይ ነው ስለው ኢትዮጵያ ቡና አልቆ ነው ወይ ብሎ ጠየቀኝ። አዎ አልኩት። ማኅተሙን መታልኝ።

እንዴት ተፈልጦ፣ እንዴት ፈልቶ እንደሚጠጣ ዘርዝሬ ጽፌ ላክሁ። መልሱ በሦስተኛው ወር መጣ። "መድኃኒቱ ደርሷል። ጠጥቼዋለሁ። ይመራል፣ ግን ተስማምቶኛል።" ቀጥሎ የመጣው ደግሞ "ጎኔ አሁን አያመኝም። ጭራሽ አይታወቀኝም" ይላል። ደብዳቤውን ይዤ ያን ጥላ የሌለውን ጎዳና ሮጥኩበት፤ የማውቀው ሰው ባገኝ አቅፈው ነበር።

መላኬን ቀጠልኩ። እሷም መጻፏን። ነገር ግን ቆየት ሲል ደብዳቤዎቹ አንድ ነገር ሆኑብኝ፤ ምን እንደሆነ ለራሴም አልነገርኩትም። የሺ መቆጣት ተወች። ካልሲ የለ፣ አንገትሽ ተገልጧል የለ። "ብርድ አይሰማኝም" ትላለች። "ስለ እኔ አትጨነቂ፣ ያለሁበት ጸጥ ያለ ነው።" አንድ ጊዜ "አንቺ አትቸኩዪ፣ የምንገናኝበት ቀን አይጠፋም" ብላ ጽፋ ላቦራቶሪው ውስጥ ሳነበው ቆጠራዬ ጠፋብኝ። እህቴ በሕይወቷ እንዲህ ለስላሳ ሆና አታውቅም። በሽታ ሰውን ያለሰልሳል አልኩ።

ፎቶ ላኪልኝ አልኳት። መጣ። አረንጓዴ ቀሚሷን ለብሳ ቆማለች፤ ፊቷ ሙሉ ነው፣ ጤነኛ ነው። ደስ ብሎኝ ግድግዳዬ ላይ ለጠፍኩት። ሁለት ሳምንት ያህል ቆይቼ ነው የፎቶው አንዱ ጎን በመቀስ የተቆረጠ መሆኑን ያስተዋልኩት። ትከሻዋ ላይ አራት ጣቶች አሉ። የኔ ጣቶች ናቸው። ከብዙ ዓመት በፊት፣ ለአቦ በዓል፣ አጠገቧ ቆሜ የተነሣነው ነው። አዲስ ፎቶ ለማንሣት ገንዘብ አጥታ ይሆናል አልኩ። እንዲህ እያልኩ ነው የኖርኩት፤ ሰው ማወቅ ያልፈለገውን ነገር ሳያውቅ ብዙ መቆየት ይችላል።

ሦስት ዓመት ሞላው። ተመርቄ እዚያው ላቦራቶሪ በረዳትነት ቀረሁ። አንድ ቀን ለሊዲያ ሰርጌየቭና ነገርኳት፤ እህቴ ቻጋውን ስትጠጣ ይኸው ሦስት ዓመቷ፣ ጎኗም አያማትም። የሰጠችኝን ምክር ሁሉ ረስታ ተነሥታ ቆመች። አንዱን ሲጋራ ሳትጨርስ ሌላ ለኮሰች።

"የደም ቆጠራዋ የት አለ?"

"የለኝም።"

"አስመጪው። ያለ ቁጥር ተረት ነው።"

ጻፍኩ። የመጣው መልስ "ደም መስጠት ከእንግዲህ አያስፈልገኝም" የሚል ነው። ደግሜ ጻፍኩ፤ ምንም አልመጣም። ያን ጊዜ ስልክ ለመደወል ወሰንኩ። ቀንና ሰዓት ታስይዛላችሁ፣ የምትፈልጉትን ሰው በቴሌግራም ታስጠራላችሁ፣ እዚያ ያለው ሰው አዲስ አበባ ቴሌ ሄዶ ይጠብቃችኋል። ቀኑ ደረሰ፣ ከስልክ አዳራሹ ሣጥኖች አንዱ ውስጥ አስገቡኝ። መስመሩ የራስን ድምፅ መልሶ የሚያመጣ ነበር።

"ሃሎ፣ ጽጌ?" ጋሽ ማርቆስ ናቸው።

"ጋሽ ማርቆስ፣ የሺን ያገናኙኝ።"

*የሺን ያገናኙኝ* አለ የራሴ ድምፅ ከሩቅ።

"ደክሟት ነው የቀረችው፣ ልጄ።"

"ደህና ነኝ ብላ ጽፋለች እኮ።"

"አዎ" አሉ። "በደብዳቤው ደህና ናት።"

መነጋገሪያውን ጆሮዬ ላይ ተጫንኩት። በመሐል የሚሰማው እንደ ንፋስ ያለ ነገር ብቻ ነው።

"ጋሽ ማርቆስ፣ የሺ አለች?"

"ትምህርትሽን እስክትጨርሺ ብለን ነበር" አሉ።

አገራችን መርዶ የሚነገረው በጠዋት ነው፣ ዘመድ ተሰብስቦ፣ ሰው ደግፎ ይዞ። እኔ የመስታወት ሣጥን ውስጥ ቆሜ፣ ከውጪ ተራ የሚጠብቁ ሰዎች ሰዓታቸውን እያዩ ነው የተረዳሁት። መቼ አልኳቸው። የመጀመሪያው ጥቅል ከመድረሱ በፊት ነው፣ አርባዋ ወጥቶ ነበር፣ አሉ።

"ታዲያ መድኃኒቱን ማን ጠጣው?"

"ማርታ።"

ቀስ ብለው ነገሩኝ። እትዬ ማርታም በዚያው ሰሞን ግራ ጎኗ አብጦ አልጋ ይዛ ነበር። ሐኪም ቤት ጣፊያ ነው ብለዋቸዋል፤ ከምን እንደመጣ ግን የነገራቸው የለም። ጥቅሉ ሲመጣ ሊመልሱት አስበው ነበር። አንድ ማታ ብቻ እንሞክረው ተባባሉ። በወሩ ተነሥታ ቆመች። ተጨማሪ እንድልክ ደግሞ የሺ መኖር ነበረባት።

"አንድ ቃል አልጨምርም ብዬሽ ነበር" አሉ ጋሽ ማርቆስ። "የሦስት ዓመት ደብዳቤ ጨመርኩ። ጌታ ይቅር ቢለኝ እንኳ አንቺ ይቅር እንድትይኝ አልለምንሽም። ውሸት እንዳይሆን በሽታው አያማትም፣ ብርድ አይሰማትም እያልኩ እውነቱን ብቻ ለመጻፍ እሞክር ነበር።"

መስመሩ ተቋረጠ። ጊዜያችን አልቆ ነበር።

በማግስቱ ለሊዲያ ሰርጌየቭና ነገርኳት። "ሌላዋ ሴት ምን እንደነበረባት አይታወቅም?" አለች። አይታወቅም አልኳት። ወባም ጣፊያ ያሳብጣል፤ ሌላም ብዙ ነገር አለ፤ በራሱ የሚድንም አለ። "ስለዚህ ምንም አናውቅም" አለችና ከማስታወሻ ደብተሯ አንድ ገጽ በአንድ መስመር ሰረዘች። ቀጥላ ተነሥታ በገዛ እጇ ሻይ አፈላችልኝ፤ ይህን ለማንም ስታደርግ አይቼ አላውቅም። ሕዋሳቱን የመመገቢያ ቀን ነበር፤ ውኃው ቢጫ ሆኗል። ተነሥቼ መገብኳቸው።

ወደ አገር የመመለሱን ነገር ከዚያ በኋላ አላነሣሁትም። ቤታችንን ቀበሌው ለሌላ ሰው ሰጥቶታል። ለጋሽ ማርቆስ ሁለት ወር ያህል አልጻፍኩም፤ ተቆጥቼ ነበር፣ ስለዋሹኝ ብቻ ሳይሆን በደብዳቤ የኖረችውን የሺ ስለቀሙኝም ጭምር። በሦስተኛው ወር አንድ ከረጢት ቻጋ ገዛሁ፣ አሰርኩት፣ በላዩ ላይ ለእትዬ ማርታ ብዬ ጻፍኩበት። ፖስታ ቤቱ ያለው ሰውዬ ቡናው አሁንም አልተገኘም ወይ አለኝ።

ደርሷል የሚል ቃል ሲመጣ አንድ ጊዜ ደግሜ ስልክ አስያዝኩ። ይህን ጊዜ ብቻዋን የመጣችው እትዬ ማርታ ናት።

"እትዬ ማርታ፣ የሺ እንዴት ነው የሞተችው?"

"ቀን ነው፣ በብርሃን። ውኃ ወደ ቆስጣው እየመራች ነበር፣ እኔ አጠገቧ ነበርኩ። ትንሽ ልረፍ ብላ ተቀመጠች። በዚያው ነው።"

"ምን አለች? ስለ እኔ ምን አለች?"

የሚያጽናናኝ ነገር ስትፈልግ ይታወቀኛል። ግን የውሸቱ ነገር ሰልችቷት ነበር መሰለኝ እውነቱን ነገረችኝ። "ስለ አንቺ አላለችም፣ ልጄ። ውኃው የሰው መደብ እንዳይገባ አዙሪው፣ ነው ያለችኝ።"

ሣቄ መጣ። የእሷ ነው፣ ያለ ጥርጥር የእሷ ነው። ከሦስት ዓመት በኋላ የሰማሁት የመጀመሪያ ቃሏ ነው።

"እርስዎስ እንዴት ነዎት?"

"አለሁ። አንዳንዴ ጎኔን እነካዋለሁ፣ ያለም ይመስለኛል፣ የለምም ይመስለኛል።" ትንፋሿ ይሰማኛል። "ጽጌ፣ አንድ ነገር ልለምንሽ፣ አትቀየሚኝ።"

"ይበሉ።"

"ቅድም ስትስቂ ድምፅሽ የእሷ ነው። ስልኩ ያጠፋዋል ብዬ ነበር፣ ጭራሽ እሷ ሆነሻል። እዚህ ከመጣሁ ጀምሮ የማዋራው የሺን ነው የሚመስለኝ። እባክሽ ዝም አትበይ፣ ትንሽ አውሪ።"

"ምን ላውራ?"

"የፈለግሽውን። ዛሬ የበላሽውን።"

ነገርኳት። ጠዋት ግሬችካ እንደበላሁ፣ ጨው እንዳነሰው፣ ውጪ በረዶ መቅለጥ እንደጀመረ፣ ሰዎቹ እዚህ በመስኮት ጠርዝ በቆርቆሮ ሽንኩርት እንደሚተክሉ፣ አፈሩ ግን ምንም ወዝ እንደሌለው ነገርኳት። እሷ አትመልስም፤ ስታለቅስ ይሁን ስትስቅ አላውቅም፣ መኖሯን የማውቀው በትንፋሿ ብቻ ነው። ድምፄ በመስመሩ ዞሮ ሲመለስ እኔም ሰማሁት፤ ተቆጪ፣ ቸኳይ፣ የሌላ ሰው። ኦፕሬተሯ በመሐል ገባችና ጨርሰዋል ወይ አለችኝ።

አልጨረስኩም አልኳት፤ ስለ አፈሩ ማውራቴን ቀጠልኩ።